ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፦ የኢትዮጵያ ፊደል በኮምፒዩተር ያለፈበት መንገድ

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ብልባላ በአካባቢዋ ባሉት ከአለት ተፈልፍለው በተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይም በብልባላ ጊዮርጊስና በብልባላ ቂርቆስ የታወቀች ናት። በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስም ከዚያ ሩቅ አይደለም። በላስታ አድባራት ዕቃ ቤት ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍት እንደየዘመናቸው የጸሐፊው እጅ ይለያይ እንደሆነ ነው እንጂ ፊደላቸው ያው ፊደል ነው። ንባብ የተማረ ዲያቆን ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን ብራና ገልጦ ያነባል። ለዚህም ከጸሐፊው ወራሾች ፈቃድ መጠየቅ ወይም ጸሐፊው የያዘውን ያንኑ ብዕር ፈልጎ ማግኘት አያስፈልገውም።

በአንጻሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተር የተጻፈ የአማርኛ ቃለ ጉባኤ ዛሬ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት በብዙ ቦታ የሚታየው አማርኛ አይደለም። የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ባለ ነጥብና ባለ ጭረት የፈረንጅ ሆሄ ተደበላልቆ ይመጣል። ፋይሉ አልጠፋም፤ አልተበላሸምም። የሚነበብበት ቁልፍ ግን በፋይሉ ውስጥ የለም።

ይህ ጉዳይ ከምንም ጊዜ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በዊንዶውስ ሲሠራ የኖረ ሰው ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀውን የማያሟሉ ነገር ግን ገና በደንብ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ያሏቸው ብዙ ሰዎች ይህን ሙከራ በማሰብ ላይ ናቸው። ስለሆነም የሙያ ባልደረቦች ከዚህ በፊት የተደረጉትን ሙከራዎችና ያጋጠማቸውን ዕንቅፋት ማወቃቸው ለሥራቸው ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጠ ነው።)

ሊኑክስ የተወለደው በሄልሲንኪ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል አንድ ስርዓተ ክወና በመሥራት ላይ መሆኑን በኮምፒዩተር መረብ ለባልንጀሮቹ ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር። ይህም ማለት ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወር አልሞላም። አዲስ አበባ በዚያን ወቅት ሌላ ብዙ የምታስበው ነገር ስለነበራት የፊንላንዱን ተማሪ ማስታወቂያ የሰማ ኢትዮጵያዊ ቢኖር በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የነበረ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቶርቫልድስ የሠራው የስርዓቱን ልብ፣ ማለትም ከርነሉን ነው። የቀረው አካል በአብዛኛው የመጣው ሪቻርድ ስታልማን የተባለው አሜሪካዊ ከ1983 ጀምሮ ግኑ በሚል ስም ካቋቋመው ሥራ ነው። በ1992 ከርነሉም በግኑ ፈቃድ ሥር ገባ። ፈቃዱ ፕሮግራሙን ማንም እንዲጠቀምበት፣ የተጻፈበትን ምንጭ እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና ለሌላ ሰው እንዲያካፍል ይፈቅዳል። አሻሽሎ የሚያሠራጭ ሰውም ያሻሻለውን ከነምንጩ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ኢትዮጵያውያን በበኩላቸው ፊደላቸውን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የሚደረገውን ጥረት ከዚያ በፊት ጀምረው ነበር። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ይኖሩ ከነበሩት መካከል ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍሥሐ አጥላው በየፊናቸው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በማዘጋጀት ቀዳሚዎች ናቸው። ችግሩ በቁጥር ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። በዚህ ላይ ዲቃላዎቹ፣ ሃያው የግዕዝ አኃዝ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ይጨመራሉ። የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ደግሞ ለአንድ ሆሄ የሚመድበው አንድ ባይት ነበር። በአንድ ባይት ሊቆጠር የሚችለው 256 ብቻ ሲሆን ከዚያም ላይ ቢያንስ ሠላሳ ሁለቱ ለመኪናው ትእዛዝ የተያዙ ናቸው። ቤቱ ጠበበ፤ እንግዳው በዛ።

መፍትሔው እንደየሠሪው ሁለት ዓይነት ሆነ። አንዳንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈለው። ሌላው የጽሕፈት መኪናውን ዘዴ ተከትሎ የፊደሉን አካል ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ እያስቀመጠ ገጣጠመው። በሁለቱም መንገድ ቢሆን የኢትዮጵያ ፊደል በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ተከራይቶ ተቀመጠ እንጂ የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ሆሄ ሲሆን አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚህም የከፋው እያንዳንዱ አዘጋጅ ኪራዩን በራሱ ስሌት ማካፈሉ ነው። ቪዡዋል ግዕዝ ለ«ለ» የመደበውን ቁጥር ፓወር ግዕዝ ለሌላ ፊደል ሊሰጠው ይችላል። ብራናና አጋፋሪም እንደዚሁ የየራሳቸው አደላደል ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ጸሐፊዎች ለአንድ ደብዳቤ ሲሉ ፎንት በፍሎፒ ዲስክ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይመላለሱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህን ፕሮግራሞች መንቀፍ ግን ተገቢ አይሆንም። በዊንዶውስ 3.1 እና በዊንዶውስ 95 ዘመን ጋዜጣው፣ መጽሔቱ፣ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በአማርኛ የታተመው በእነሱ ነው። የዓለም አቀፍ ደረጃ እስኪወጣ ይጠበቅ ቢባል ኖሮ የዚያ ዘመን ጽሑፍ በጽሕፈት መኪና ብቻ በቀረ ነበር። ዋጋው ግን በኋላ የሚከፈል ሆነ።

በዊንዶውስ ዙሪያ ይህ ሲሆን፣ በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ለሕዝብ ብዙ ያልታወቀ ሥራ ይካሄድ ነበር። በኢሜይል የሚጻጻፉ ኢትዮጵያውያን አማርኛን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት አጻጻፍ ስለሚከተል ዶክተር ይትና ፍርድይወቅና አቶ ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ደንብ አወጡ። ስሙን ሰምቶ ሌላ የሚጠረጥር ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ቃሉ ግን የእንግሊዝኛው ስያሜ ፊደላት ምሕጻር ነው። ደንቡ ለእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ሆሄ አንድና የማያሻማ የላቲን አጻጻፍ ይሰጣል። «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም በተከታታይ ይመታሉ። በዚህ ደንብ የተጻፈ መልእክት በየትኛውም መኪና ቢያልፍ ስለማይበላሽ እንደ ገና ወደ ፊደል ሊመለስ ቻለ። በሐምቡርግ ደግሞ ብርሃኑ በየነ ከጀርመናውያኑ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮሐን ሜትዚንገር ጋር ሆነው ቴክ ለተባለው የሕትመት ስርዓት የኢትዮጵያን ፊደል የሚያሳትም ክፍል አዘጋጁ። ይህም በነጻ ተሠራጨ።

ከሁሉም የሚያስገርመው የጃፓኑ ታሪክ ነው። በጃፓን ኤሌክትሮቴክኒካል ላቦራቶሪ የነበረው ታካሃሺ ናኦቶ ኢማክስ ለተባለው የግኑ ጽሑፍ ማዘጋጃ የኢትዮጵያን ፊደል መጻፊያና ከሴራ ወደ ፊደል፣ ከፊደል ወደ ሴራ መመለሻ ሠራ። በ1997 የወጣው የኢማክስ 20ኛ እትም የብዙ አገር ፊደላትን ባንድነት ሲያቀርብ የእኛም ፊደል ከመካከላቸው ነበረበት። ፕሮግራሙ የልዩ ልዩ ቋንቋዎችን ሰላምታ የሚያሳይበት ገጽ አለው። በዚያ ገጽ አማርኛው «ሠላም» ተብሎ በንጉሡ ሠ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይገኛል። ስለዚህ በዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት በፍሎፒ ይዞ መዞር ግድ በነበረበት ወቅት ኢማክስን በሊኑክስ ላይ የሚጠቀም ሰው ምንም ተጨማሪ ሳይገዛ በፊደሉ መጻፍ ይችል ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን በጣም ጥቂት ነበር። ኢንተርኔት በሀገሪቱ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በዚያው በ1997 መጀመሪያ ሲሆን በደቂቃ የሚከፈልበትና በስልክ መሥመር የሚንቀረፈፍ ነበር። በእንዲህ ያለ መሥመር ብዙ ዲስክ የሚሞላ ስርዓት ማውረድ የሚታሰብ አልነበረም።

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው በመስከረም 1999 ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በ3.0 እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቁጥሮች መደበ። ከዚያ ወዲህ «ለ» የራሱ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 በወጡት እትሞችም ለሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ሆሄያት ተጨመሩ። የኢትዮጵያ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ የሚጻፍና ሆሄዎቹ እርስ በርስ የማይቀጣጠሉ ስለሆነ፣ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ በሰሌዳ ላይ ለማሳየት ከዐረብኛና ከህንድ ፊደላት ይልቅ እጅግ የቀለለ ነው። ለዘመናት አስቸጋሪ ሲባል የኖረው ፊደል ችግሩ ከራሱ ሳይሆን ከተከራየበት ቤት ጥበት የመጣ እንደነበረ በዚህ ታወቀ።

መዝገቡ ብቻውን ግን አይጽፍም፤ አያነብም። አንድ ስርዓተ ክወና አማርኛን እንዲያውቅ ከተፈለገ ፊደላቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረደሩ፣ የሳምንቱ ቀናት ምን ተብለው እንደሚጠሩ፣ ገንዘቡ ብር መሆኑን የሚገልጽ ሰነድ ያስፈልገዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አቶ ዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ይህንኑ ሰነድ ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለግዕዝ፣ ለሲዳምኛ፣ ለወላይትኛ፣ ለብሌንና ለሌሎችም አዘጋጅቶ ከሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት ጋር እንዲቀላቀል አደረገ። ኖም የተባለውን የሊኑክስ ገጽታ ወደ አማርኛ መተርጎምም በዚያው ሰሞን ተጀመረ። እነዚህን የጻፉት ሰዎች ከማንም ፈቃድ መለመን አላስፈለጋቸውም። ምንጩ ክፍት ስለነበረ ሠርተው ላኩ፤ ተቀባዩም መርምሮ ጨመረው። የሲዳምኛ ወይም የብሌን ተናጋሪ ስንት ኮምፒዩተር ይገዛል የሚለው የገበያ ጥያቄ በዚህ ሂደት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በዚያን ጊዜ ዊንዶውስ የት እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከኢትዮጵያ ፊደል ፎንትም ሆነ መጻፊያ አብሮት አልመጣም። ኒያላ የተባለው ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ በዊንዶውስ ውስጥ የተካተቱት በ2007 ለገበያ ከቀረበው ከቪስታ ጀምሮ ነው። እንግዲህ ለጥቂት ዓመታት ያህል አማርኛን ከውስጡ በማወቅ ሊኑክስ ቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ መሥሪያ ቤቶች ለምን ወደ ሊኑክስ አልዞሩም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሊኑክስ ያስቸግራል የሚል ነው። ይህ መልስ ከፊል እውነት ቢኖረውም በቂ አይደለም። በሌላው ዓለም ሊኑክስን ተወዳጅ ያደረገው አንዱ ምክንያት ዋጋ አለመጠየቁ ነው። በሀገራችን ግን ዊንዶውስም በተግባር ዋጋ አልነበረውም። ኮምፒዩተር የገዛ ሰው ነጋዴው ዊንዶውሱን በቅጂ ጭኖ እንዲያስረክበው ይጠብቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣም በኋላ በዚህ ልማድ ላይ ብዙ የተለወጠ ነገር አልታየም። ነጻ ነገር በነጻ ነገር አይለወጥም። ሁለተኛው ምክንያት ጸሐፊዎቹ የሠለጠኑበት ጉዳይ ነው። አንዲት ጸሐፊ ጣቶቿ የለመዱትን የቪዡዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ አመታት መተው ማለት እንደ ገና ከሀ ሁ መጀመር ነበር። ሦስተኛውና ዋነኛው በመጀመሪያ የተጠቀሰው ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ የዓመታት ሰነድ በሙሉ በተከራየ ቁጥር ተጽፎ ተቀምጧል። በእነዚያ ዓመታት ሊኑክስን የሞከረ ባለሙያ ፎንቱን ቀድቶ ወደ ሊኑክስ ቢያስገባው አንዳንዱ ሰነድ በትክክል ይነበብለት ነበር። ፊደሉን ከቁልፎቹ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ግን የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ አይነሣም። ማንበብ ተቻለ፤ መጻፍ አልተቻለም። ባለሙያውም ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ሙከራው ግን ጨርሶ አልተቋረጠም። የደቡብ አፍሪካው ተወላጅ ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ያስጀመረው ኡቡንቱ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ይህም እስከ 2011 ቀጠለ። ሲዲው ሳይጫን መሞከር የሚቻል መሆኑ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ትልቅ ነገር ነበር። ኮምፒዩተሩ ከሲዲው ይነሣል፤ ዊንዶውሱ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ሲዲው ሲወጣ ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል። በብዙ ቢሮ ሊኑክስ የታወቀበት መንገድ ደግሞ ከዚህ ትንሽ ይለያል። በፍላሽ ዲስክ የሚዛመተው ቫይረስ ፎልደሮችን ደብቆ ሰነድ ጠፋ ሲባል፣ የኮምፒዩተር ባለሙያው በሊኑክስ ሲዲ አስነሥቶ የተደበቀውን ፎልደር ያወጣና ቫይረሱን ይሰርዛል። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስ በሊኑክስ ላይ ስለማይነሣ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ሲዲው ወደ መሳቢያው ይመለሳል። ሊኑክስ ለረጅም ጊዜ የኖረው እንደ ወጌሻ ነው፤ ሰው ሲሰበር ይጠራል እንጂ በደኅና ቀን የሚያስታውሰው የለም።

በ2008 ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በተባለው ዓለም አቀፍ ሐሳብ መሠረት፣ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ በነበረው የምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ። ላፕቶፖቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። ልጆቹ ዊንዶውስን ስለማያውቁ «አዲስ ስርዓት» የሚባል ነገር አላጋጠማቸውም። የተቸገሩት መምህራኑ ነበሩ፤ በክፍል ውስጥ ላፕቶፑን ከትምህርቱ ጋር የሚያስማሙበት በቂ ሥልጠና አልነበራቸውም። በ2012 ደግሞ ያው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች በእያንዳንዱ መንደር ሃያ ያህል ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጠ። ታብሌቶቹ በአንድሮይድ የሚሠሩ ስለነበሩ ከርነላቸው ሊኑክስ ነው። ልጆቹ በወራት ውስጥ የተቆለፈውን ቅንብር ፈትተው ካሜራውን እንዳስነሡ የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ተናግሯል። ወሬውን የተናገረው የሐሳቡ አባት ራሱ ስለሆነ በልኩ መውሰድ ይገባል። ያም ሆኖ የማያውቁትን ስርዓት መፍራት ከልምድ የሚመጣ እንጂ አብሮ የሚወለድ እንዳልሆነ ያሳያል።

ዛሬ በብልባላ ገበያ ቆሞ በአንድሮይድ ስልኩ የአማርኛ መልእክት የሚልክ ሰው፣ ስሙን ባይሰማም፣ ከሊኑክስ ከርነል ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል። ዊንዶውስ ምናልባት በእጁ ነክቶት አያውቅም። የሚልከው መልእክት በዩኒኮድ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለው ዘመዱ ምን ዓይነት ስልክ እንደያዘ ማሰብ አያስፈልገውም። በከተማ ቢሮ ያለው ባለሙያ «ወደ ሊኑክስ ልግባ ወይስ አልግባ» እያለ ሲያመነታ የገጠሩ ሰው ሳይጠየቅ ገብቶበታል።

ለላስታና በጠቅላላው ለአማራ ክልል ሌላም መታሰብ ያለበት ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ከመረብ ጋር እየተገናኘ ፈቃዱን የሚያረጋግጥና የሚታደስ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ጊዜ ያስቸግራል። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞቹን በዲስክ ቅጂ አዘጋጅቶ ያወጣል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካገኘው በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለትምህርት ቤቱ ቢያካፍል ሕግ የተጣሰበት የለም፤ እንዲያውም ፈቃዱ የሚለው ይህንኑ ነው። ደቢያን በ2009 ባወጣው 5.0 እትሙ የመጫኛውን ገጽ በአማርኛም ጭምር ማቅረቡን እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው።

በዊንዶውስ የኖረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሚያጋጥመውን በሚመለከት የሚከተለውን ማለት ይቻላል። ዛሬ መሞከሪያው ሲዲ መሆኑ ቀርቶ ፍላሽ ሆኗል። ሊኑክስ ሚንትን የመሰሉት ገጽታቸው ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይደለም። «ሲ» የሚባለው ድራይቭ የለም፤ ሁሉም ከአንድ ሥር የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው። በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል የተጻፉ ሁለት ስሞች እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ፋይሎች ይቆጠራሉ። ከዊንዶውስ የመጣ የመጫኛ ፋይል እንዲሁ ጠቅ ቢደረግ አይነሣም። እውነተኛው አደጋ ያለው ሙከራው አልቆ መጫን ሲጀመር ነው። ዲስኩን በሙሉ ለሊኑክስ ልስጥ ወይስ ከዊንዶውስ ጎን ላስቀምጠው የሚለውን ጥያቄ ሳያነብ ያለፈ ሰው የዓመታት ሰነዱን በአንድ ጠቅታ ያጣል። ሰነዱን አስቀድሞ በሌላ ዲስክ ያልቀዳ ሰው ወደዚህ ገጽ መግባት የለበትም።

ለአማርኛ መጻፊያ በቅንብሩ ውስጥ ገብቶ አማርኛን መጨመር ይበቃል። ከሚቀርቡት የአመታት ዘዴዎች አንዱ ዛሬም ሴራ ይባላል። በ1990ዎቹ ለኢሜይል የወጣው ደንብ አሁንም የአዲሱን ተጠቃሚ የመጀመሪያ የአማርኛ ቃል እየጻፈለት ነው። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት ፎንቶችም በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ያልተፈቱ ጉዳዮች የሉም ማለት አይደለም። የወራቱ ስም አንዱ ነው። በአማርኛ ቅንብር ላይ የተጻፈው ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ እያለ የሚሄደው የአውሮፓ ወር ሲሆን መስከረምና ጥቅምት አልተተኩበትም። የስርዓቱ ቀን ቆጠራ በውስጡ ያን አቆጣጠር ስለሚከተል ስሙን ብቻ ወደ መስከረም መለወጥ ስሕተት ያስከትል ነበር። የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሰሉ ክፍሎች በኋላ ቢሠሩም በሰዓት ማሳያው ላይ በቀጥታ አይታዩም። ሰዓቱም ቢሆን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰባት ይላል። ሌላው የትርጉም ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛ አንዱን የትእዛዝ ቃል ለሁሉም ሲጠቀም አማርኛ ግን ክፈት፣ ክፈቺ፣ ክፈቱ፣ ይክፈቱ ይላል። መኪና ሰውን አንተ ይበል ወይስ እርስዎ የሚለው ጥያቄ ተርጓሚዎችን ሲያከራክር ይኖራል። በዚህ ላይ በበጎ ፈቃድ የተጀመረው ትርጉም በየእትሙ አዳዲስ ቃላት ሲጨመሩ የሚከታተለው ሰው እያጣ ስለሚሄድ፣ አንዱ ገጽ በአማርኛ ተጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲያልቅ ይታያል።

ዋናው ዕዳ ግን የአሮጌው ሰነድ ነው፤ ይህ ደግሞ ሊኑክስን ለሚሞክረው ብቻ ሳይሆን በዊንዶውስ ለሚቀረውም እኩል ነው። በቪዡዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በሌሎቹ የተጻፈውን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ፕሮግራም የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ከነምንጩ አውጥቷል። ፕሮግራሙ የሚሠራው ግን በሰነዱ ውስጥ የተጠቀሰውን የፎንት ስም እየተመለከተ ነው። የፎንቱ ስም በሰነዱ ውስጥ ካለ ቁጥሩ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚፈታ ይታወቃል። በመካከሉ ያለ እንግሊዝኛ ቃልም ሳይነካ ይታለፋል። ሰነዱ ወደ ሌላ መዝገብ ሲገለበጥ ፎንቱ ተጥሎ ባዶ ጽሑፉ ብቻ ከቀረ ግን መኪናው የሚያየው ትርጉም የሌለው የላቲን ሆሄ ነው። ያን ጊዜ በየትኛው ፕሮግራም እንደ ተጻፈ የሚገምት፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መሥመሮች በየሠንጠረዡ እየሞከረ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከሁሉ በተሻለ ሊያደርጉት የሚችሉት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ዓ.ም. እነዚያን ደብዳቤዎች የጻፉት ጸሐፊዎች ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ አሁን በጡረታ ላይ ናቸው።